ክለብ ያለበት ሰፈር ቤት ለምትገዙ፦ አንዲት ኤጀንት ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ አትላንታና አካባቢው ያላችሁ። ጽሁፉ ረዘም ይላል። ቤት የመግዛት ሐሳብ የሌላችሁ ብታልፉት አልቀየምም።

በቅርቡ ግዊኔት ካውንቲ ውስጥ ቤት ገዝተናል። ሰፈሩ በር ያለው ነው። ውስጡ ጎልፍ ሜዳ፣ መዋኛ፣ ቴኒስና ሬስቶራንት ያለው የግል ክለብ አለ። ቤቱን ስንገዛ የያዘችን ሐበሻ ኤጀንት ናት። በይፋ ሳላመሰግናት ብቀር ይከነክነኛል። ስሜን አደባባይ ላይ አታውጪው ስላለችኝ እዚህ "እህታችን" ብዬ እቀጥላለሁ።

ቤት ማሳየትማ ማንም ያሳያል። ኩሽናው ሰፊ ነው፣ ቤዝመንቱ ያለቀለት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ማለት ሙያ አይጠይቅም። እኔ የማመሰግናት በክለቡ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ቤቱን አይተን፣ ሳሩን አይተን፣ "ክለብም አለው" ተብሎ ሲነገረን ደስ ብሎን የምንፈርመው እዚህ ላይ ነውና።

የመጀመሪያውን ቤት አይተን ስንወጣ የማስታወቂያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ገለበጠችው። መኪናዋ ኮፈን ላይ አስደግፋ ሦስት መስመር ጻፈች፦ ኤች ኦ ኤ፣ ክለብ፣ የካውንቲ ታክስ። "ማስታወቂያው ላይ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው" አለችን። ኤች ኦ ኤ፣ ማለትም የሰፈሩ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ክፍያ፣ ለበሩ፣ ለመንገዱ፣ ለጋራው ሳር የሚከፈል ነው። ግዴታ ነው። ካልከፈላችሁ ቤቱ ላይ እዳ ሊመዘገብባችሁ ይችላል። ክለቡ ግን ሌላ ድርጅት ነው። የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ውል አለው። መግቢያ ይጠይቃል፣ ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም ምግብ ቤቱ ውስጥ ቢያንስ ይህን ያህል ብሉ ይላል። ጣሪያ ሲያፈስ ወይም ሳሩ እንደ አዲስ ሲተከል ደግሞ ከአባላቱ ተጨማሪ መዋጮ የሚጠይቅ አለ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው እህታችን ዋጋዋን ያሳየችን። በጣም የወደድነው አንድ ቤት ነበር፣ የሰፈሩን ስም አልጠራም። የሻጭ ኤጀንት "ክለቡ በፈቃድ ነው" አለን። እሷ አላመነችም። ጆርጂያ ውስጥ የሰፈር መተዳደሪያ ሰነድ ካውንቲው የሱፒሪየር ኮርት ጸሐፊ ዘንድ ይመዘገባል። ከዚያ አወጣችው። ያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ አንቀጽ አገኘች፦ አዲስ ገዢ ሁሉ ቢያንስ የ"ሶሻል" (ጎልፉን ሳይጨምር የመዋኛውና የሬስቶራንቱ) አባል መሆን አለበት ይላል። ሰውዬው አልዋሸም። በፈቃድ የሆነው ጎልፉ ነው። ሌላውን አልጠየቅነውም፣ እሱም አልነገረንም።

አንቀጹን ካሳየችን በኋላ "ትርጉሙን ግን ከእኔ አትውሰዱ፣ ጠበቃ ያንብበው" አለች። ጆርጂያ ውስጥ ክሎዚንግ (የቤቱን ሽያጭ መዝጊያ ፊርማ) የሚያደርገው ጠበቃ ስለሆነ እሱ ይበቃናል ብለን ነበር። እሱ ብዙ ጊዜ የሚወክለው ባንኩን እንደሆነ ያወቅነው ከእሷ ነው። ሌላ ጠበቃ ለአንድ ሰዓት ከፍለን አስነበብን። ጠበቃውም እሷ እንደጠረጠረችው መሆኑን አረጋገጠልን። ቤቱን ለመግዛት ከፈረምነው ውል የወጣነው በዱ ዲሊጀንስ (የማጣሪያ) ጊዜው ውስጥ ስለሆነ ያስያዝነው ገንዘብ ተመለሰልን። ይህ ጊዜ ገዢና ሻጭ ተደራድረው የሚወስኑት ነው፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ገዢው በፈለገው ምክንያት ትቶ መውጣት ይችላል። ገና ከመጀመሪያው ረዘም እንዲል የተከራከረችው እሷ ናት። "ኢንስፔክሽን በሁለት ሰዓት ያልቃል፣ የክለብ ወረቀት ግን ጊዜ ይበላል" ትላለች።

ኮሚሽኗ የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ያንን ቤት ብንገዛው ያኔውኑ ይከፈላት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሂሳብ የምትወዱ ደግሞ ይህን ያዙ። ባንክ ብድር ሲሰጣችሁ በየወሩ ግዴታ የሆነባችሁን ክፍያ ሁሉ ይደምራል። በ6.5 በመቶ ወለድ፣ የ30 ዓመት ብድር ከሆነ፣ 100,000 ዶላር በወር 632 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። ስለዚህ ኤች ኦ ኤና ግዴታ የሆነ ክለብ ተደምረው በወር 400 ዶላር ቢመጡ፣ ወደ 63,000 ዶላር የሚጠጋ ብድር እንደመሸከም ነው። ልዩነቱ፣ ብድሩ አንድ ቀን ያልቃል፣ ክለቡ አያልቅም። ይኼኛው እየጨመረም ይሄዳል።

ሁለተኛው ሰፈር፣ አሁን ያለንበት፣ ክለቡ በእርግጥ በፈቃድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እንግባ ወይ፣ ከገባንስ የቱን እንውሰድ ሆነ። ባለቤቴ ሙሉ ጎልፉን ነበር የፈለገው። የራሱ አነስ ያለ ቢዝነስ አለው። አንድ ወዳጁ "ደንበኛ ታገኝበታለህ፣ ክፍያውንም ከታክስ ታወርደዋለህ" ብሎት ልቡ ቆሟል። እህታችን ስለ ታክስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። "አካውንታንትህን ጠይቀው" ብቻ አለችው። ጠየቀ። የክለብ አባልነት ክፍያ ለቢዝነስ ነው ብሎ ማውረድ ከ1994 ጀምሮ ቀርቷል። ደንበኛ ጎልፍ ጋብዤ ነበር ማለትም ከ2018 ወዲህ አይሠራም። ያ ወዳጃችን ግን እስከ ዛሬ ለሰው እየመከረ ነው።

ከዚያ በኋላ እሷ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ወንድሜ፣ አምና ስንት ጊዜ ተጫወትክ?" ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መስኮቱ። መግቢያውንና የዓመቱን ክፍያ ለዚያ ስታካፍሉት፣ አንድ ጨዋታ የአውሮፕላን ትኬት ያህል ይመጣል። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሜዳ፣ ሲያሰኘው ከፍሎ መጫወት ይችላል።

ሶሻሉ ግን ለልጆቹ መዋኛ፣ ለእኛ ጂም፣ ለሁላችንም ሬስቶራንቱን ይሰጣል። አትላንታ ውስጥ መዋኛና ቴኒስ ቀልድ አይደለም። አልታ የሚባለው የቴኒስ ማኅበር ከ1934 ጀምሮ አለ፣ ሰፈር ከሰፈር ይጋጠምበታል። በጋ ላይ ደግሞ የልጆቹ ዋና ቡድን አለ። ያለ ክለብ፣ በኤች ኦ ኤ ብቻ መዋኛና ቴኒስ ያለው ሰፈርም እዚህ ሞልቷል። እውነት ለመናገር ለብዙ ሰው እሱ ይበቃል። እህታችንም ይህንኑ ደጋግማ ነግራናለች።

እኛን ያሰጋን የምግቡ ነገር ነበር። ጿሚ ቤተሰብ ነን። በዓብይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት ተዋጽኦ ለማይነካ ቤት "ቢያንስ ይህን ያህል ብሉ" የሚል ውል ምን ይሉታል? ጉዳዩን ስነግራት አልሳቀችም። እዚያው ስልኳን አውጥታ ለክለቡ የአባልነት ቢሮ ኢሜይል ጻፈች። በየወሩ ነው የሚቆጠረው ወይስ በሦስት ወር? ያልተበላው ወደሚቀጥለው ይሻገራል? ይዞ መሄድ ይቆጠራል? ሰርቪስ ቻርጁስ? መልሱ በጽሁፍ መጣ። በሦስት ወር ነው የሚቆጠረው፣ አይሻገርም፣ ይዞ መሄድ ይቆጠራል፣ ሰርቪስ ቻርጅና ታክስ አይቆጠርም። በየወሩ ቢሆን ኖሮ ሁዳዴን ሙሉ ላልበላነው ክትፎ፣ ይቅርታ ላልበላነው ስቴክ፣ ስንከፍል እንከርም ነበር። በሦስት ወር ከሆነ ግን ከገና እስከ ዘወረደ ያለው ይበቃናል። ከፋሲካ በኋላማ ችግር የለም።

የክለቡ ባለቤት ማን እንደሆነም አስጠየቀችን። አንዳንዱ ክለብ የአባላቱ ነው፣ አንዳንዱ የሰፈሩ አልሚ ንብረት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ብዙ ክለብ የሚያስተዳድር ኩባንያ ንብረት ነው፤ የቀድሞው ክለብኮርፕ፣ ከ2022 ወዲህ ኢንቫይትድ የሚባለው እንዲህ ያለ ነው። የአባላት በሆነው ሲያተርፍም ሲከስርም የእናንተ ነው። "መግቢያው ተመላሽ ነው" ሲባል ደግሞ መቼ ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ አባል ሲገባ ብቻ በተራ የሚመልሱ ክለቦች አሉ። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ በዚህ ተራ ውስጥ ዓመታት የጠበቁ ሰዎች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ከ2006 ጀምሮ ከሚከፈተው ጎልፍ ሜዳ የሚዘጋው በልጦ ለዓመታት ቆይቷል። ስለዚህ "ሜዳው ቢዘጋ መሬቱ ምን ይሆናል?" የሚለው የሟርት ጥያቄ አይደለም፣ ከመስኮታችሁ የምታዩት ሳር ነው።

አሁን ለመጠየቅ ወዳፈርነው ነገር ልምጣ። "ሰፈሩ ውስጥ ሐበሻ አለ? ክለቡስ ጥቁር ይቀበላል?" አልናት። ለመጀመሪያው "እህቴ፣ ይህን እንድነግርሽ ሕግ አይፈቅድልኝም" አለች። ለካ በ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ኤጀንት ገዢን በዘር ወደ አንድ ሰፈር መምራት፣ ከሌላው ማራቅ አይችልም። ለሁለተኛውም ተመሳሳይ ነገር፦ "ሂዱና በዓይናችሁ እዩ።" ስጋታችን ከመሬት የተነሣ አልነበረም። እዚሁ ጆርጂያ ያለው ኦገስታ ናሽናል የሚባለው ዝነኛ የጎልፍ ክለብ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990 ነው፣ ሴቶችን ደግሞ በ2012። ሰፈሩ ውስጥ ቤት መግዛት ሌላ፣ የግል ክለብ አባል መሆን ሌላ ነው። የድጋፍ ደብዳቤና የኮሚቴ ይሁንታ የሚጠይቅ ክለብ እስካሁን አለ። ቤቱን ከገዛችሁ በኋላ "ተራ ጠብቁ" እንዳትባሉ፣ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የአባልነት ቢሮው በእንግድነት አስገባን። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። መዋኛው ዳር፣ ጥላ ሥር፣ የልጅ ልጆቻቸውን ፎጣ የሚጠብቁ ሕንዳውያንና ኮሪያውያን አያቶች ተደርድረዋል። አንዷ በቆርቆሮ የያዙትን ነገር ለሁሉም እያዞሩ ያበላሉ። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የምትቀመጥበት ቦታ አለ አልኩ በልቤ።

ሶሻሉን ወሰድን። ከመፈረማችን በፊት እህታችን አንድ የመጨረሻ ነገር አስጻፈችልን፦ ነገ ወደ ጎልፉ ከፍ እንበል ብንል፣ አሁን የከፈልነው መግቢያ ይታሰብልናል ወይ? ይታሰባል አሉ፣ በጽሁፍ። ባለቤቴ ያንን ኢሜይል በደንብ አድርጎ አስቀምጦታል።

ፍሎሪዳ ለምትገዙ፣ የእሷ ፈቃድ ጆርጂያ ላይ ነው። ኔፕልስ አካባቢ ቤት ለፈለገው ዘመዴ እዚያ የሚሠራ ሰው ጠቁማዋለች። እዚያ የጎልፍ አባልነቱ ከቤቱ ጋር ተጣብቆ የሚመጣባቸው ሰፈሮች አሉ፣ ተጫወታችሁም አልተጫወታችሁም ትከፍላላችሁ። ሲ ዲ ዲ የሚባል፣ ለሰፈሩ መሠረተ ልማት የሚከፈል ክፍያም አለ፣ የሚመጣው ከቤት ታክሱ ጋር ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም። ጥሩው ነገር፣ በግዛቱ ሕግ ኤች ኦ ኤ ያለበት ሰፈር ሲሆን ግዴታዎቹን የሚዘረዝር ማጠቃለያ ከውል በፊት ሊሰጣችሁ ይገባል። ሳይሰጣችሁ ከፈረማችሁ፣ ማጠቃለያው ከደረሳችሁ በኋላ በ3 ቀን ውስጥ፣ ክሎዚንግ ሳይደርስ፣ ውሉን ማፍረስ ትችላላችሁ።

ስለ እህታችን ጉድለቷንም ልናገር፣ አለበለዚያ ዘመዷ ነሽ ትሉኛላችሁ። ቀርፋፋ ናት። ዛሬ አይተን ዛሬ እንፈርም ለሚል ሰው አትሆንም። የላከችላችሁን ወረቀት ሳታነቡ ከደወላችሁ ድምጿ ላይ ይታወቃል። ቤት ከማሳየቷ በፊት ደግሞ የገዢ ውል ታስፈርማችኋለች። በዚህ አትደንግጡ፣ ከነሐሴ 2024 ወዲህ አሠራሩ በመላው አገሪቱ እንደዚህ ነው። ክፍያዋ ላይ መደራደር ይቻላል፣ እኛም ተደራድረናል።

ቁጥሯን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከመደወል ይልቅ ጽሁፍ ላኩላት፣ የምትፈልጉትን ሰፈርና በወር የምትችሉትን ጠቅላላ ክፍያ አብራችሁ ጻፉ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ስልኳ ዝግ ነው።