ዝግጁ የሽንኩርት ሥር ስላይድ፦ የሕዋስ ክፍፍል ደረጃዎችን በማይክሮስኮፕ ለማየት ይበቃል፣ ክሮሞሶም ለመቁጠር ግን አይሆንም

የሕዋስ ክፍፍልን ለማሳየት በብዛት የሚገዛው ቀለም የገባው የሽንኩርት ሥር ጫፍ ነው። ጥሩው ከፕሮፌዝ (የክፍፍሉ መጀመሪያ ደረጃ) እስከ ቴሎፌዝ (የመጨረሻው) ያለውን ሁሉ በአንድ ስላይድ ላይ ያሳያል። መጥፎው ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሳይፈተሽ መረከብ አይገባም።

በርዝመቱ የተቆረጠ መሆኑን አረጋግጡ። በአግድም የተቆረጠው ክፍፍሉን ከላይ ስለሚያሳይ ሜታፌዝ (ክሮሞሶሞቹ፣ ማለትም የዘር መረጃ ተሸካሚዎቹ ክሮች፣ መሃል ላይ የሚሰለፉበት ደረጃ) ቀለበት መስሎ ይታያል፣ የአናፌዝ (ክሮሞሶሞቹ ወደ ሁለት ወገን የሚሄዱበት ደረጃ) መለያየትም አይለይም።

ቀጥሎ በ40 እጥፍ ጫፉን ፈልጉ። ከሥር ቆቡ (የሥሩን ጫፍ ከሚሸፍነው ክፍል) አለፍ ብሎ ትናንሽ፣ አራት ማዕዘን፣ በረድፍ የቆሙ ሕዋሳት መታየት አለባቸው፤ ክፍፍሉ ያለው እዚያ ነው። የሚታየው ረጃጅም ሕዋስ ብቻ ከሆነ ቆራጩ ጫፉን ስቶታልና መልሱት።

በ400 እጥፍ ትንሹን የትኩረት ማስተካከያ ብቻ ተጠቀሙ። ምስሉ በ100 እጥፍ ጠርቶ በ400 አልጠራ ካለ፣ ስላይዱ ተገልብጦ እንዳይሆን እዩ። ካልተገለበጠ፣ መሸፈኛው ብርጭቆ ከተለመደው 0.17 ሚሊ ሜትር ሳይወፍር አይቀርም።

አናፌዝን ጊዜ ሰጥታችሁ ተመልከቱት። ክሮሞሶሞቹ መሃላቸው እየተጎተተ፣ ጫፎቻቸው ወደ ኋላ እየቀሩ በሁለት ወገን ሲሄዱ በግልጽ ይታያሉ፤ እጅግ ያምራል! በቴሎፌዝ ደግሞ በሁለቱ ኒውክለሶች መካከል ቀጭን መስመር ይወጣል፤ የአዲሱ ግድግዳ መነሻ ነው። አብዛኛው ሕዋስ ኢንተርፌዝ ላይ (ክፍፍል ላይ ሳይሆን) መሆኑ የስላይዱ ጉድለት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ጉድለት የሚባለው ሳይቶፕላዝሙ (ከኒውክለሱ ውጭ ያለው የሕዋሱ ክፍል) ከክሮሞሶሙ እኩል ሲጠቁር ነው፤ ያኔ ጀማሪ ፕሮፌዝን ከኢንተርፌዝ መለየት አይቻልም።

የሽንኩርት ክሮሞሶም 16 ነው፤ በዚህ ስላይድ ግን ለመቁጠር አትድከሙ። ምላጩ ሕዋሱን ራሱን ይቆርጠዋል፣ የቀሩትም ይደራረባሉ። ለመቁጠር ትኩስ ሥር ያስፈልጋል፦ 3 እጅ ኤታኖልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ሕዋሱ ባለበት ሁኔታ ይጸናል፤ በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይለሰልሳል፤ አሴቶ ኦርሴይን በተባለ ማቅለሚያ ከቀለመ በኋላ በመሸፈኛው ላይ በአውራ ጣት ቀጥ ተብሎ ይጨመቃል። ብርጭቆው ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይጠቀለላሉ።