ለልጆቻችሁ የፈረስ ግልቢያ ጥቅል ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ቲክቶክ ላይ ነጭ ሱሪ የለበሰች ልጅ ፈረስ ላይ ተቀምጣ፣ ከኋላዋ ፀሐይ እየጠለቀች፣ ከስር «ለልጅዎ በራስ መተማመንን ይስጡት» የሚል ጽሁፍ። ስትደውሉ ትህትናው የማያልቅ ሰው ያነሳል። ቦታ እየሞላ ነው፣ ሙሉውን ጥቅል ዛሬ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ ይላችኋል። በቴሌብር ትልካላችሁ። ደረሰኝ ስትሉ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ጀርባው ላይ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል ማህተም አለ። እኔም 18,000 ብር የከፈልኩት በዚሁ መንገድ ነው።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ፈረስ ስትወድ ለጉድ ነው። አባቷ የአገው ምድር ልጅ ነው፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የፈረሰኞቹ በዓል ሲከበር ቴሌቪዥኑ ፊት ከተቀመጠች የሚያስነሳት የለም። ፈረስ ግልቢያ ልትማሪ ነው ስንላት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ያንን ደስታ ነው የሸጡብን።

በስልክ የተነገረን ብቃት ያለው አሰልጣኝ፣ ለጀማሪ የተገራ ፈረስ፣ የታጠረ ክብ ሜዳና ሄልሜት አለ ተብሎ ነው። ስንደርስ አጥር የሚባል ነገር የለም። አሰልጣኝ የተባለው ወጣት ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም። ሄልሜት ብለው ያመጡት የሞተር ሳይክል ነው፤ ልጄ ራስ ላይ እንደ ድስት ክዳን ይዞራል፣ ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ተቋጥሯል። ምንድነው ይሄ ስለው «እዚህ ሁሉም በዚሁ ነው የሚጋልበው» አለኝ።

ፈረሱ ዳማ ነው። የሆዱን ጠፍር ሲያጠብቁበት ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ፣ ጭራውን አወናጨፈ፣ አንገቱን አዙሮ ሊነክስ ቃጣ። ይህ የሕመም ምልክት መሆኑን ፈረስ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ቆይ፣ ይሄን ፈረስ አሞታል እንዴ?» ስል አሰልጣኙ ሳቀ። «የአባ ዳኘው አገር ሰው ፈረስ ይፈራል እንዴ እናቴ?» አለ። አጠገቡ የቆሙትም አብረው ሳቁብኝ። «ባህሪው ነው» ብሎ ልጄን አንስቶ አስቀመጣት። እርካቡን እንኳ በእግሯ ልክ አላሳጠረላትም።

ጥቂት እንደሄዱ የአሰልጣኙ ስልክ ጮኸ። የሚመራበትን ገመድ ለቀቀና «ሃሎ» እያለ ጀርባውን ሰጠን። ልጄ ሚዛኗን ለመጠበቅ ወደ ኋላ ደገፍ ስትል ፈረሱ ዘለለ። ኮርቻው ወደ ግራ ተሽከረከረ። ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፤ ለዚህ ነው ትንሽ ካራመዱት በኋላ ጠፍሩ እንደገና የሚጠብቀው። ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። ልጄ በክንዷ ወደቀች። ሄልሜቱ እሷ መሬት ሳትነካ ከራሷ ወልቆ ሄዷል። አንድ እግሯ እርካቡ ውስጥ ቀርቶ ፈረሱ ጎተታት። ደግነቱ ጫማዋ ወለቀ፤ ባይወልቅ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ግን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ፈረሱ ሲያዝ ኮርቻው ሆዱ ስር ተንጠልጥሎ ጀርባው ተገልጦ ነበር። ገጣባ ነው። መዳፌን የሚያህል ቁስል፣ ቆዳው ተገሽልጦ፣ ዝንብ ወርሮት፣ ግላሱ (የኮርቻው ጨርቅ) ላይ መግል ደርቆበት። የአንድ ቀን ቁስል አይደለም። ኮርቻውን የጫነ ሰው ሳያየው ሊቀር አይችልም። አሰልጣኙ ሮጠ። ወደ ልጄ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከገመድ ላይ ብርድ ልብስ ጎትቶ ፈረሱን ሊያለብስ ነው የሮጠው። ልጄ መሬት ላይ ሆና «እማዬ» እያለች፣ እሱ እኔ እንዳላይበት ቁስሉን ይሸፍናል!

ከሰራተኞቹ አንዱ ውሃ ይዞልን መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ትናንትም ሰው ጥሏል። ቆስሏል ብለን ነግረናቸው ነበር። ቅዳሜና እሁድ ገበያ ነው፣ ይውጣ አሉ» አለኝ። እንግዲህ አውቀው ነው። ቁስሉን እያወቁ ኮርቻ ጫኑበት፤ ኮርቻው ላይ ደግሞ የእኔን ልጅ።

ኃላፊውን አስጠራሁት። ልጄ እንዴት ናት ብሎ አልጠየቀም። «ያልወደቀ ፈረሰኛ የለም እህቴ፣ ነገር አታካብጂ» አለኝ። ኢንሹራንስ ስለው ትከሻውን ሰበቀ። የመጀመሪያ እርዳታ ስለው ለተሰበረ እጅ የቁስል ፕላስተር አስመጣ። ገንዘቤን ስለው ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አገላበጠና ማህተሙን በጣቱ አሳየኝ። «የቀራትን ክፍለ ጊዜ ስትድን መጥታ ትጨርሳለች» አለ። ደሜ እስካሁን አልበረደም።

ራጅ ተነሳች፤ አንጓዋ ላይ ተሰብሯል። እጇ በጀሶ ነው።

ልጅ ልትወስዱ ያሰባችሁ፣ ኮርቻ ከመጫኑ በፊት የፈረሱን ባዶ ጀርባ አሳዩን በሉ። እምቢ ካሉ ልጃችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ሄልሜቱ ለፈረስ ግልቢያ የተሰራና አገጭ ስር የሚታሰር ይሁን። ጫማው ትንሽ ተረከዝ ያለው ይሁን፣ እግር በእርካቡ ውስጥ አልፎ እንዳይሄድ። ጀማሪ ልጅ የተቀመጠችበት ፈረስ ገመዱ ከአሰልጣኙ እጅ ለአፍታም መውጣት የለበትም። ሙሉ ክፍያ ቀድማችሁ አትስጡ።

ማህተማቸውም አያስፈራችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የቴሌብር መልእክቱን፣ የራጁን ውጤትና የፈረሱን ጀርባ ፎቶ ይዤ ሰኞ ጠዋት ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ከፍላችሁ የተጎዳችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አቤቱታውን አብረን እናስገባ።