የእናታችንን ክፍል ላቀዘቀዘልን የኮምቦልቻ ባለሙያ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ከኮምቦልቻ ከሚሴ ድረስ ተመላልሶ በእናታችን ቤት የአየር ማቀዝቀዣ ለገጠመልን ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለመግለጽ፣ ተመሳሳይ ሥራ ላሰባችሁ የወሎ ቆላ ነዋሪዎችም እሱን ለመጠቆም ነው። ካስገጠምን 11 ወር ሆኖናል። እስከ ዛሬ የቆየሁት ማሽኑ የግንቦትን ሙቀት ሳይሻገር ማመስገን ስላልፈለግሁ ነው።

እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ደሴ ነው። ከእህቴ ጋር ለመኖር ወደ ከሚሴ ስትመጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መውረዷ ነበርና የመጀመሪያው ሚያዝያ እንቅልፍ ነሳት። ቀን ቆርቆሮው ያጋለው፣ ሌሊት ደግሞ የብሎኬቱ ግድግዳ የያዘው ሙቀት በክፍሏ ውስጥ ስለሚቀር ቬንትሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር ከማዟዟር አያልፍም ነበር። የደም ግፊት ያለባት ሰው ሌሊቱን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስታነጋ ማየት ለእኛ ለልጆቿ ቀላል አልነበረም።

ማቀዝቀዣ ለማስገባት ተስማማን፤ ያልተስማማነው በዓይነቱ ነው። ወጪውን የሚሸፍነው ውጭ አገር የሚኖረው ወንድማችን በሚኖርበት ቤት የለመደውን ዳክት፣ ማለትም አንድ ትልቅ ማሽን ከኮርኒስ በላይ በተዘረጋ ቱቦ ለሁሉም ክፍል ቀዝቃዛ አየር የሚያከፋፍልበትን ዓይነት ፈለገ። እህቴ ግን ስፕሊቱ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውና ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል (ኮምፕረሰሩ) ውጭ የሚቀመጠው፣ ይበቃል አለች። መጀመሪያ ያነጋገርነው ሌላ ባለሙያ ኮርኒሱን ከፍቶ ሳያይ፣ ክፍሎቹንም ሳይለካ ለቤቱ በሙሉ የዳክት ዋጋ ጽፎ ሰጠን። ሥራውን ልንሰጠው ጥቂት ሲቀረን አንድ ጎረቤት ይህን የኮምቦልቻ ባለሙያ ጠቆመን።

እሱ እንደ መጣ የጠየቀው ስለ ማሽን አልነበረም። እናታችንን «እማማ፣ ቀን የት ይውላሉ? ሌሊትስ በስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ብሎ ጠየቃት፤ መልሷንም በደብተሩ ጻፈ። ቀጥሎ መሰላል አስመጥቶ በኮርኒሱ መግቢያ ወጣና ቴርሞሜትሩን ከላይ ትቶት ወረደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲያወርደው ክፍሉ ውስጥ 31 ዲግሪ የነበረው ከኮርኒሱ በላይ 46 ሆኖ አሳየን። ለወንድሜም በስልክ ፎቶውን ልኮ ነገሩን በትዕግሥት አስረዳው። የዳክቱ ቱቦ የሚተኛው በቤቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ በሚግለው ቦታ ላይ ነው፤ ቱቦው በደንብ ካልተሸፈነና መጋጠሚያዎቹ ካልታሸጉ ቀዝቃዛው አየር ክፍል ሳይደርስ ይሞቃል፣ ያፈተለከውም ቆርቆሮውን ሲያቀዘቅዝ ይውላል። በኋላ ራሴ እንዳነበብሁት፣ ኢነርጂ ስታር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም በተለመደ መኖሪያ ቤት በዳክት ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በማፈትለክና በመጥፎ አገጣጠም እንደሚባክን ይገልጻል።

በዚህ ላይ በቤታችን ኮርኒስና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ በመሆኑ ቱቦው ከነሽፋኑ ተጣብቦ ካልሆነ አይገባም። ለቤቱ በሙሉ የሚበቃው ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኤሌክትሪክ ሽቦ ኃይል የሚያመጣ መስመር ይፈልጋል፤ የእኛ ቆጣሪ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የተናገረው አንድ ነገር ክርክራችንን ዘጋው፦ «ሌሊት የሚቀዘቅዘው አንድ ክፍል ከሆነ፣ ለምን የአምስት ክፍል መብራት ትከፍላላችሁ?»

ዳክትን በጅምላ እንዳላጣጣለው መመስከር ይኖርብኛል። አዲስ ቤት የሚሠራ፣ ክፍሎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጠቀምና ግድግዳ ላይ ማሽን ማየት የማይፈልግ ሰው፣ ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት የቱቦውንና ከክፍሎቹ ወደ ማሽኑ የሚመለሰውን አየር ቦታ ካሳቀደ፣ ዳክቱ ድምፁ አነስተኛ፣ አየሩም እኩል የሚዳረስ እንደሆነ ነግሮናል። ትልቁን ሥራ ቢቀበል ኖሮ የሚያገኘው ክፍያ እጥፍ ድርብ እንደነበረ ሳስበው ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ለእናታችን ክፍል የመረጠው 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ ጉልበት መለኪያ) የሆነ ኢንቨርተር፣ ማለትም ጉልበቱን እንደ ክፍሉ ሙቀት የሚያስተካክል ስፕሊት ነው። ክፍሉ 14 ካሬ ሜትር ስለሆነ 9,000 ይበቃው እንደነበር፣ ነገር ግን ግድግዳው የከሰዓትን ፀሐይ የሚቀበል በመሆኑና ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የማሽኑ ጉልበት በመጠኑ እንደሚቀንስ ገልጾ አንድ ደረጃ ከፍ አደረገው። ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ግን ከኮርኒሱ በላይ የሙቀት መከላከያ ፎም እንድናነጥፍና በኮርኒሱ ጠርዝ ያሉትን ስንጥቆች እንድንደፍን አደረገን። ይህ ብቻውን ክፍሉን እንደለወጠው በእጄ ዳስሼ አውቄዋለሁ፤ ቀድሞ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ ያቃጥል የነበረው ኮርኒስ ለብ ያለ ብቻ ሆነ።

የገጠመ ዕለት ከጎኑ አልተለየሁም። የመዳብ ቱቦውን ቆርጦ አፉን ካሰፋ በኋላ በባትሪ ብርሃን መረመረውና ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ስላየበት ቆርጦ ጥሎ እንደገና ሠራው። እናታችን ለቡና ከሰል አቀጣጥላ ነበርና «እማማ፣ አብሽሩ፣ ቡናውን አልቀርም፤ ይህ ጋዝ በመጠኑም ቢሆን የመቀጣጠል ጠባይ ስላለው ምድጃውን ለጊዜው ወደ ደጅ እናውጣው» ብሎ ራሱ ተሸክሞ አወጣው። በማሽኑ ውስጥ እየተዘዋወረ የሚያቀዘቅዘው፣ አርሰላሳ ሁለት የሚባለው ጋዝ ይህ ጠባይ እንዳለው እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ቫኪዩም ፓምፑን አያይዞ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት ግማሽ ሰዓት ያህል ሳበ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ እርጥበት ከውስጥ ከቀረ ኮምፕረሰሩን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። የተለመደው ባለ መርፌ የግፊት መለኪያ (ጌጅ) በእኛ ከፍታ ላይ እንደ ባሕር ዳርቻ እስከ መጨረሻው እንደማይወርድ አሳይቶኝ፣ እሱ የሚያምነው በዲጂታሉ መለኪያ መሆኑን ነገረኝ። ፓምፑን ዘግቶም ቁጥሩ ከፍ ይል እንደሆነ፣ ማለትም ቱቦው የሚያፈስበት ቦታ ወይም የቀረ እርጥበት እንዳለ ለማየት ሰዓቱን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ነው ጋዙን የለቀቀው። ክፍሉ 30 ዲግሪ ሳለ ከማሽኑ የሚወጣው አየር 19 ሆኖ ሲመዘገብ ደብተሩን አጥፎ ለበረካ ተቀመጠ፤ እናታችንም «ጀባ ልጄ፣ ዕድሜህን ያርዝመው» ብላ ስኒውን ሰጠችው።

ለማሽኑ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር ዘርግቶለታል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፕረሰሩ ወዲያው እንዳይነሣ ሦስት ደቂቃ የሚያቆይ መከላከያም ጨምሮበታል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ መከላከያ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ቅሬታ ካለኝ አንድ ነው፤ ከተቀጣጠርንበት ቀን ሁለት ቀን ዘግይቶ መጥቷል። እሱም ቢሆን አስቀድሞ ደውሎ አሳውቆናል። በክፍያ በኩል ከተስማማነው አንድ ብር አልጨመረም። ክረምቱ ሲወጣ ሳንጠራው በመንገዱ ጎራ ብሎ ፊልተሩ በአቧራ መደፈኑን አየና በየሁለት ሳምንቱ በውኃ እንዴት እንደሚታጠብ ለእህቴ አሳይቷታል።

ውድ የኮምቦልቻ ባለሙያችን፣ እናታችን ዘንድሮ ግንቦትን በአልጋዋ ላይ ተኝታ አሳልፋለች። ለእኛ ለልጆቿ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ ከልብ እናመሰግንሃለን።

በከሚሴ፣ በሐርቡ፣ በባቲም ሆነ በቆቦ በኩል ያላችሁና ሥራውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ በፈቃዱ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉለት የክፍሉን ስፋት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ወይም ሲሚንቶ መሆኑን፣ የቆጣሪያችሁንም ፌዝ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ግን ቀጠሮ አይዝም።