የአጎቴ 944 ቱርቦ እና የኮምቦልቻው ጋራዥ

የአጎቴ ፖርሽ 944 ቱርቦ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ዓመታት ቆማለች። በፈረንጆቹ የ1986 ሥሪት ናት። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ አስገባኋት፤ ስሙን አልጠራም፣ ለምን እንደሆነ ታዩታላችሁ።

ላሜራ ሥራቸው አንደኛ ነው። ቦዲዋ ዚንክ የተነከረ ስለሆነ ዝገት ብዙም አልነበራትም፣ ባትሪው ሥር ብቻ በልቷታል። እሱንም በስቱኮ አልሸፈኑትም፤ ቆርጠው በአዲስ ላሜራ በየዱት።

ሞተሩን የያዙት ሽማግሌ መካኒክ ገና ሲያዩዋት "ልጄ፣ ቺንጋው ሳይቀየር ቁልፍ እንዳትነካ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዚህ ሞተር ቺንጋ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አቀናጅቶ የሚያስኬደው ቀበቶ፣ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታል፣ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ነው። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሦስት ወር ጠበቅኩ፣ እሱ የእነሱ ጥፋት አይደለም።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ይቺ መኪና ሞተሯ ከጠፋ በኋላም አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ እዝዝዝ እያለች ለቱርቦው፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ለሚያስገባው ዕቃ፣ ውሃ ታዞራለች፣ ግለቱ ውስጡ የቀረውን ዘይት እንዳያሳርረው። አንዱ ወጣት ታዲያ "ባትሪ ትጨርሳለች" ብሎ ሶኬቷን ነቅሏታል! ሳይነግረኝ! ደግነቱ ድምፁ ሲጠፋብኝ ጠረጠርኩ። ይዣት ስመለስ ይቅርታ የለ ምን የለ፣ "ቀላል ነው እኮ" ብቻ።

ወደ ደሴ ዳገቱን ስወጣ ግን ቱርቦው ሲገባ ወንበሩ ላይ ለጠፈኝ። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ሌላው መኪና ሲያቃስት እሷ ምንም አልመሰላት። ለላሜራና ለሞተር ሂዱ፣ ዋጋቸውም ደህና ነው። ኤሌክትሪክ ሲነኩ ግን አጠገባቸው ቁሙ።