ፎቶው ሠምሮ ጽሑፉ የጎደለበት የሐዋሳ ፎቶ ቤት

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የሚገኘው ይህ ፎቶ ቤት አሮጌ ፎቶ በማደስ ረገድ በከተማው ከማውቃቸው ሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፣ የሕይወት ታሪክ መጽሔት በማዘጋጀት በኩል ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ስሙን ያልጠቀስኩት ጉድለቱንም ስለምናገር ነው፤ አሮጌ ፎቶ የሚያድስ ብሎ ለጠየቀ ሰው ፒያሳ ውስጥ ያሉ ሱቆች ያመላክቱታል። ወደዚያ የወሰደኝ የአያቴ የሙት ዓመት መታሰቢያ ነበር፦ ሦስት የተጎዱ ፎቶዎች ማሳደስ፣ ትልቁን በፍሬም ማሠራትና ለዘመድ የሚታደል አነስተኛ መጽሔት ማሳተም።

አያቴ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምጽዋ ላይ የሠለጠኑ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ሥልጠናውን በማደራጀት ከረዱት መካከል ኖርዌያውያን መኮንኖች ይገኙበት ነበርና፣ አያቴ እስከ እርጅናቸው ድረስ አልጋቸውን ራሳቸው እያነጠፉ፣ አንሶላ ላይ አንዲት ጭምድድ ቢያዩ «ይህንን ኖርዌዩ አያልፈውም» ይሉን ነበር። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ከመውደቋ ከዓመታት በፊት ጡረታ ወጥተው ሐዋሳ ከገቡ በኋላ፣ አሞራ ገደል የአሣ አስጋሪዎችን የጀልባ ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ፤ ሐይቁን ግን ዕድሜ ልካቸውን «ኩሬው» ከማለት አልተመለሱም።

ከፎቶዎቹ ዋነኛው «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ቆመው የተነሡት ነው። ይህች መርከብ ቀድሞ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ለባሕር አውሮፕላኖች ድጋፍ ትሰጥ የነበረች ስትሆን፣ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ ተሰጥታ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ሆነች፤ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ከሸሸች በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ ለቤተሰባችን ፎቶው የመርከቧም መታሰቢያ ነው። እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት እናቴ ሌላ ቦታ ወስዳው፣ በስልክ መተግበሪያ «አሳምረው» መልሰውላት ነበር፦ ፊቱ እንደ ፊልም ተዋናይ ለስልሶ፣ ክንዱ ላይ የነበረው የማዕረግ ምልክት ደብዛው ጠፍቶ፣ ከበስተኋላ ያለው ገመድ ከአጥሩ ብረት ጋር ተዋሕዶ። እናቴ «ይሄማ የማን ልጅ ነው?» ብላ ኪሷ ከተተችው።

የፒያሳው ባለሙያ ከዋጋ አስቀድሞ የጠየቀኝ ስለዚያ ምልክት ነበር። ቅርጹ እንዴት እንደነበር፣ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ሌላ ፎቶ መኖሩን ጠየቀ፤ ከሌለ የደበዘዘውን እንደደበዘዘ እንደሚተወው፣ ከራሱ ግን እንደማይሥል ነገረኝ። የዚህ ፎቶ ቤት ትልቁ ችሎታ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፎቶው በየጎኑ ስድስትና ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ርዝመት 1200 ነጥብ) ስካን አደረገው፤ ኅትመቱ በ300 ሲወጣ በየጎኑ አራት እጥፍ ማሳደግ ይቻላል ማለት ነው። ስንጥቁንና የሻጋታውን ነጠብጣብ አንድ በአንድ በእጅ አጸዳ። ሁለተኛው፣ ምጽዋ ፊት ለፊት ካሉት የዳህላክ ደሴቶች የመጣው ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ነበርና ልላጠው ስል እጄን ያዘኝ፤ ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን አብሮ ስለሚነሣ ከነመስታወቱ ስካን ተደረገ። ሦስተኛው፣ ወለሉ እንደ ማር እንጀራ የጎደጎደው ባለቀለም የቤተሰብ ፎቶ፣ የስካነሩን ብርሃን እየመለሰ አስቸግሮት በካሜራ እንደገና አነሣው፤ ውጤቱም ደኅና ነው።

አክስቴ የመርከቡ ፎቶ በቀለም እንዲሆን ስለፈለገች ያንንም ሠራላት። ነጩ የደንብ ልብስ አምሮበታል፤ ባሕሩ ግን ከመጠን በላይ ሰማያዊ ነው፣ ባለሙያውም ግምት መሆኑን አልደበቀም። የምወቅሰው በጥቁርና ነጩ ነው፦ በባለቀለም ወረቀት ስለሚያትሙት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥላ አለበት፣ በመስኮት ብርሃን ሲያዩት ይበልጥ ይታወቃል። ስናገር ያለ ክፍያ ደግመው አትመውልኛል፤ ጥላው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ወደ መጽሔቱ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ገጹን የሚያቀናብሩት ወጣቶች ለሌላ ደንበኛ የሠሩትን ቅጽ ከፍተው ስሙን እየቀየሩ ስለሚጠቀሙ፣ የመጀመሪያው ናሙና ላይ አያቴ «የአየር ኃይል ጀግና» ተብለው መጡ። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እንደነበራት የማያውቅ ትውልድ መሆኑን ተረድቼ አልተቆጣሁም፤ ሁለተኛው ናሙና ላይ አርእስቱ ተስተካክሎ፣ ውስጡ ግን «አየር ኃይል» እንደሆነ ሲቀር ትዕግሥቴ አለቀ። ለሽፋኑ ያቀረቡልን ሥዕል ደግሞ የቱሪስቶች መዝናኛ የሆነ ግዙፍ መርከብ ከጀምበር መጥለቂያ ጋር ነበር። አያቴ ቢያዩት ኖሮ ያለምንም ጥርጥር ይሥቁ ነበር። በመጨረሻ ሽፋኑን ባዶ ነጭ አድርገን የመርከቡን ፎቶ ብቻ አኖርንበት፤ የወረቀቱ ጥራትና የጥረዛው ሥራ ግን የሚነቀፍ አይደለም።

ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሲሆን ግማሹን በቀብድ ይወስዳሉ። ለእድሳቱ ይገባዋል እላለሁ፤ ለመጽሔቱ ግን አይገባውም። ቀጠሮም ያሸጋግራሉ፤ የሙት ዓመት ቀን ደግሞ አይሸጋገርምና ከዕለቱ ብዙ ቀደም ብሎ መሄድ ይበጃል። የሕይወት ታሪኩን ጽሑፍ በቤት አስተይቦና አሳርሞ በፍላሽ ይዞ መሄድ፣ ናሙናውንም ከማኅተም በፊት ታሪኩን ለሚያውቅ የዕድሜ ባለጸጋ ማስነበብ ያስፈልጋል። የታደሱትን ፎቶዎች ፋይል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ፤ ካልጠየቋቸው ግን አያነሡትም።