ለአገር ቤት ጉዞ፦ ኢ-ቪዛ ወይስ ቢጫ ካርድ?

የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለሠርግ ወይም ለገና ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ኢ-ቪዛው ይበቃዋል። የፓስፖርቱን ፎቶ ያለበት ገጽና ጉርድ ፎቶ መጫን፣ በካርድ መክፈል፣ በኢሜይል የመጣውን ወረቀት አትሞ መያዝ ነው። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው፤ ጊዜው የሚቆጠረው «እገባለሁ» ተብሎ ከተሞላው ቀን ስለሆነ ዘግይቶ የገባ ሰው የቆይታ ቀናቱ ይቀነሱበታል።

ቢጫ ካርዱ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው፣ ግን መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ ቤት በስም ለማፍራት ያስችላል። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ በቋሚነት መቀጠር አይፈቀድም። ከወላጅ፣ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ በቂ ነው። ፈተናው ማስረጃው ላይ ነው። የልደት ሰርተፍኬቱ የአባትንና የአያትን ስም ይዟል፤ የውጭ ፓስፖርቱ ላይ አያት ቀርቷል፣ ወይም የባል ስም ገብቷል፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንድ ሆሄ ተለውጧል። እንዲህ ሲሆን የስም ለውጡን የሚያሳየው የፍርድ ቤት ወይም የጋብቻ ወረቀት አብሮ ይቅረብ። የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ጊዜው ቢያልፍም ትልቅ ማስረጃ ስለሆነ በፍጹም አይጣል።

ለሚመላለስ ሰው ካርዱ ያዋጣል። ጉዞው ደርሶ ሰነዱ ካልተሟላ ግን ዘንድሮ በኢ-ቪዛ ገብቶ፣ የልደት ሰርተፍኬቱን ከትውልድ ቦታው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አውጥቶ መመለስ ይሻላል።