ድንኳን የተሸከመ ላንድክሩዘር ወይስ ዶልፊን ከነሾፌሩ? ከጎንደር ስሜን ለምትወጡ

ገና ሲቃረብ ስልኬ ዕረፍት አያገኝም። ጠያቂው ይለያያል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። «ጥምቀትን ጎንደር እናከብርና ስሜን ወጥተን እናድራለን። ከዚያ ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ እንወርዳለን። መኝታ ያለው መኪና ብንከራይ አይሻልም?»

አይሻልም። ከጎንደር የምትነሱ ከሆነ ዶልፊን ሚኒባስ ከነሾፌሩ ተከራዩ፤ ድንኳኑን የስሜን ፓርክ መግቢያ ከሆነችው ደባርቅ ተከራዩ። ሁለቱንም በገዛ ገንዘቤ ሞክሬያቸዋለሁ። ላንድክሩዘሩን በጥር 2017፣ ዶልፊኑን በኅዳር 2018።

ካምፐር ሲባል በቪዲዮ የምናየውን፣ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ያለውን መኪና አታስቡ። እኛ የተከራየነው ላንድክሩዘር ነው። ጣሪያው ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው ላይ፣ የሚታጠፍ ድንኳን ታስሯል፤ ከኋላ የጋዝ ምድጃና የዕቃ ሳጥን አለው። ፎቶ ላይ ያምራል። ውጭ አገር ያደገው የአክስቴ ልጅ ፎቶውን አይቶ ነው ልቡ የሸፈተው።

በመጀመሪያ ብሩን እንቁጠር።

መኪናው ያለው አዲስ አበባ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር በኩል 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 1,460። የእኛ ጉዞ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ከጎንደር ደባርቅ 100፣ ከደባርቅ በሳንቃበር አልፎ ጨነቅ (ሁለቱም ፓርኩ ውስጥ ያሉ የድንኳን ሰፈሮች ናቸው) 60 ገደማ፣ ይህ በደርሶ መልስ 320። ጎርጎራ ደርሶ መልስ 130። ከተማ ውስጥ የተዞረውን ጨምሩበትና 470 በሉት። 470 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የ1,460 ኪሎ ሜትር ባዶ መንገድ ከፈልን ማለት ነው። ውል ስፈርም ይህን አላሰላሁትም ነበር። አከራዩ ያወራልኝ ስለ ቀን ዋጋው ብቻ ነው።

የቀን ዋጋው 12,000 ብር ነበር። ስድስት ቀን ለጉዞው፣ አራት ቀን ለመምጣትና ለመመለስ፣ በድምሩ አሥር ቀን፤ 120,000 ብር። ማስያዣ 50,000 አስይዘናል፤ ከእሱ ላይ 18,000 ተቆረጠብን፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። 138,000 ብር ሆነ። አራት ሰዎች ነበርን፤ በነፍስ ወከፍ 34,500። ናፍጣው በዚህ ውስጥ የለም። የናፍጣ ዋጋ ስለሚለዋወጥ በሊትር ልንገራችሁ፦ በሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር እየሄደ 275 ሊትር ገደማ ጠጥቷል።

ዶልፊኑ ከነሾፌሩ በቀን 5,500፣ ለስድስት ቀን 33,000። የሾፌር አበል በቀን 600፣ በድምሩ 3,600። ሁለት ድንኳን ለሦስት ሌሊት 3,000። ፍራሽና የመኝታ ከረጢት ለአምስት ሰው 3,750። ምድጃና ድስት 1,200። ጎርጎራ ለአንድ ሌሊት ሦስት ክፍል 3,600። ጠቅላላ 48,150 ብር። አምስት ስለነበርን በነፍስ ወከፍ 9,630። ናፍጣ 52 ሊትር። የፓርኩ መግቢያና የስካውቱ (አብሮ የሚሄደው ታጣቂ ጠባቂ) ክፍያ የትኛውንም መኪና ብትይዙ ስለማይቀር አልቆጠርኩትም።

ልብ በሉ፤ ዶልፊኑን የተከራየሁት ከአሥር ወር በኋላ ነው። በመሃል ሁሉም ነገር ጨምሯል። እንዲያም ሆኖ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

275 ሊትር ናፍጣ ብር ብቻ አይደለም፤ ሰልፍም ነው። ማደያ ደርሶ «የለም» መባልን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም። እኛም አንዴ ሰልፉ ሲያስመርረን በጀሪካን ገዛን። ደባት ሳንደርስ መኪናው ያስል ጀመር። ናፍጣው ውስጥ ውኃ ነበረበት። ፊልትሮ ቀየርን፤ የተቀየረው ደግሞ አስመስሎ የተሠራ ሆኖ በሁለተኛው ቀን እንደገና ዘጋ። ኦርጅናሉን የሚመስል ካርቶን ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስገዛ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን አውጥቼ ከአሮጌው ጎን አድርጌ አያለሁ። ክብደቱ ከቀለለ አልገዛም።

አሁን ወደ ድንኳኑ። ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ እሱ ነው።

ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። በጥር ሌሊቱ ውኃን በረዶ ያደርጋል። ጠዋት ሃይላንዱን ሳነሳው ውስጡ ያለው ውኃ ድንጋይ ሆኖ ነው ያገኘሁት። መሬት ላይ ስትተኙ ነፋሱ ከጎንና ከላይ ይመጣል። ጣሪያ ላይ ስትተኙ ከታችም ነፋስ ያልፋል። «ለአራት ሰው» የተባለው ድንኳን ሁለት አዋቂ ብቻ ቻለ። የቀረነው ሁለታችን መኪናው ውስጥ ጉልበታችንን አጥፈን አደርን።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ራሱን አመመው፤ ማስታወክ ጀመረ። የከፍታ ሕመም ነው። እዚያ ቦታ ይህ ሲመጣ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ታች መውረድ ነው። ስካውታችን ይህን ብዙ ጊዜ አይተውታል። «ልጄ፣ አትጠብቁ፣ አውርዱት» አሉኝ።

መኪናው ግን መነሳት አልቻለም። ጣሪያው ላይ ቤት ተዘርግቷል። መሰላሉ ይነሳል፣ ፍራሹ ይታጠፋል፣ ሸራው ይሰበሰባል። ሸራው በውርጭ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ አልታጠፍ አለ። እጃችን ደንዝዟል። ጋሼ ስካውቱ የስልክ መብራት ይዘውልን ሁለት ሆነን ስንጫነው አንደኛው ማጠፊያ ቋ ብሎ ተሰበረ። ሕመምተኛው ጋቢ ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ድንኳኑን በገመድ ጠፍረን እስክንነሳ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ደባርቅ ስንደርስ ልጁ ተሽሎት ሻይ ጠጣ። እኔ ግን እነዚያን አርባ ደቂቃዎች ዛሬም አልረሳሁም። ዶልፊን ቢሆን ኖሮ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነበር።

ማጠፊያውን ደባርቅ በያጅ ጋ ወሰድኩት። አገላብጦ አየውና «ይሄ አሉሚኒየም ነው፤ በኔ ኤሌክትሮድ አይያዝም» ብሎ መለሰልኝ። ጎንደርም ያው ነው የተባልኩት። የተሰበረበትን ቦታ ሳየው ብረቱ ስስ፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ድንኳኑ ራሱ የታወቀ ስም ተለጥፎበት የተቀዳ ነው። ዚፑም በሁለተኛው ሌሊት ጥርሱን ስቷል። አከራዩ ግን በኦርጅናል ዋጋ ቆጥሮ 18,000 ብሩን ከማስያዣው ላይ ቆረጠ። ውሉ ላይ «ለማንኛውም ጉዳት ተከራይ ኃላፊ ነው» የሚል መስመር አለ፤ ፈርሜበታለሁ።

በኅዳሩ ጉዞ የአንዱ ድንኳን ዘንግ ሳንቃበር ላይ ተሰበረ። ሾፌራችን ከመሣሪያ ሳጥኑ አጭር የብረት ቱቦ አወጣ፤ ስብራቱ ላይ አጠለቀና በፕላስተር ጠቀለለው። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ዋጋው ዜሮ ብር። ስንመልሰውም ባለቤቱ አይቶ «ጥሩ አድርጋችሁታል» አለን።

ስለ ወንበርም ልንገራችሁ። ፓርኩ ውስጥ ያለ ስካውት መግባት አይቻልም። ስካውቱ መቀመጫ ይፈልጋሉ። ምግብ የሚሠራ ሰው ከያዛችሁ እሱም እንዲሁ። የእኛ ላንድክሩዘር የኋላ ወንበሩ ተነቅሎ ሳጥን ስለተተከለበት አምስተኛ ሰው ማስገባት ፈተና ነበር። ትልቅ ሰውን በዚያ ኮረኮንች ዕቃ መሃል አጨናንቆ መውሰድ ያሳፍራል። ዶልፊኑ ውስጥ ሁላችንም፣ ስካውቱም፣ ድንኳኑም፣ ጎመንና ድንቹም ገብተን ቦታ ተርፏል። መንገድ ላይ ኮሶዬ ገደሉን ለማየት ስንወርድም ተንሸራታች በሩን ከፍቶ መውረድ ብቻ ነው።

ጣሪያ ላይ ያለው ጭነትም ቀላል አይደለም። ድንኳንና ብረቱ ከ50 ኪሎ ይበልጣል። ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ የፖርቶመጋላው ቡሎን ይላላል። በየቀኑ ጠዋት ማጥበቅ ሥራችን ሆኖ ነበር።

ዶልፊኑ እንከን የለውም አልልም። ዝቅ ያለ ነው። ከደባርቅ በኋላ ያለውን መንገድ በበጋ ቀስ እያለ ይወጣዋል፤ በክረምት ግን አታስቡት፤ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ለክረምት ተራ ላንድክሩዘር፣ ጣሪያው ባዶ የሆነ፣ እዚሁ ጎንደር ከነሾፌሩ ፈልጉ። ዋጋው ከዶልፊን ይበልጣል፤ ባዶ መንገድ ግን አትከፍሉም። ብልሽት ቢመጣ ደግሞ ጎንደር ውስጥ ዶልፊን መፍታት የማያውቅ መካኒክ ማግኘት ይከብዳል። የእኛ ከኮሶዬ ከፍ ብሎ ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ቀድሞ የተፈተሸ ስለነበር በሃያ ደቂቃ መንገድ ቀጠልን።

ባለድንኳኑን የምመክረው ለአንድ ዓይነት ተጓዥ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ ሁለት ሳምንት እየተዘዋወራችሁ ወደዚያው የምትመለሱ ከሆነ ያዋጣችኋል። ያኔ ባዶ መንገድ የሚባል ነገር የለም። አራትና አምስት ሆናችሁ ከጎንደር ለምትነሱ ግን ገንዘባችሁን አታቃጥሉ።

ዶልፊኑን ስትዋዋሉ ደላላ አታስገቡ፤ ከባለቤቱ ወይም ከሾፌሩ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ናፍጣ በማን፣ አበል በማን፣ ሾፌሩ የት ያድራል የሚለው ሁሉ ይጻፍ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስኮርታውን አስወርዳችሁ እዩ፤ ክሪኩ እንደሚያነሳ እዚያው አስሞክሩ። የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ከደባርቅ ደዋውላችሁ አጣሩ፤ ጥርጣሬ ካለ ቀኑን ግፉት።

የመኝታ ከረጢቱ ላይ «እስከ -10» የሚለውን ጽሑፍ አትመኑ። የያዝነው ሁሉ ውስጡ ስስ ስፖንጅ ነበር። ከቤት ጋቢና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ውጡ፤ ዶልፊኑ ቦታ አለው። ደባርቅ ላይ ድንኳኑን ሳትከፍሉ እዚያው ግቢ ውስጥ አስተክሉት። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱ፣ ሦስት ጊዜ ዝጉ። አንዴ ከያዘ ሌላ አስመጡ።